ድንችን ከእሪያ ገንዳ ወደ ንጉሥ ማዕድ ያወጣው ሰው

በፈረንሳይ አገር ከጥብስ ሥጋ ጐን የሚቀርብ አንድ የታወቀ የድንች ምግብ አለ። ግራተን ዶፊንዋ ይሉታል፤ ስሙም በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ከሚገኘው ዶፊኔ ከተባለው ተራራማ አገር የመጣ ነው። አሠራሩ አያስቸግርም። ድንቹ ተልጦ በስሱ ይከተፋል፤ ነጭ ሽንኩርት በታሸ ጻሕል ውስጥ አንዱ ባንዱ ላይ ይነጠፋል፤ በየንጣፉም ጨው፥ ቁንዶ በርበሬና ጥቂት ገውዝ ይነሰነስበታል። ከዚህ በኋላ ወተትና ሥልባቦት ተደባልቆ ይፈስበትና በለዘበ ምድጃ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ላዩ ወርቅማ ሲሆን ይወጣል። የተከተፈውን ድንች በውሃ ማጠብ አይገባም፤ ወተቱን አወፍሮ ንጣፎቹን የሚያያይዘው ከድንቹ የሚወጣው ስታርች የተባለው ዱቄት መሰል ነገር ነውና።

ይህ ምግብ በጽሑፍ መጀመሪያ የተጠቀሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ሐምሌ 12 ቀን 1788 ዓ.ም. ጋፕ በምትባል ከተማ አንድ መስፍን ለከተማዪቱ ሹማምንት ባደረገው ግብዣ ነው። (ከዚህ በታች ያሉትም ዘመናት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) የተራራው ገበሬ ድንችን ከዚያ ቀደም ብሎ ያውቀው ነበር። በቀረው የፈረንሳይ ክፍል ግን ድንች ለእሪያ የሚጣል፥ የለምጽ በሽታ ያመጣል ተብሎ የሚፈራ የተናቀ ሥር ነበር። ይህን ንቀት ለማስወገድ ዕድሜውን የሰጠውን የአንትዋን ኦጉስተን ፓርማንቲዬን ታሪክ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ እናቀርባለን።

ፓርማንቲዬ በ1737 ሞንዲዲዬ በምትባል የሰሜን ፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። አባቱ በሕፃንነቱ ስለ ሞተበትና ቤተሰቡ ሀብት ስላልነበረው ገና በወጣትነቱ ከመድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ገብቶ ሙያውን ተማረ። በ1757 በሰባቱ ዓመት ጦርነት የሠራዊቱ መድኃኒት ቀማሚ ሆኖ ዘመተ፤ በፕሩስያ ወታደሮችም ደጋግሞ ተማረከ። በእስር ቤቱ የሚሰጠው ቀለብ ድንች ነበር። አገሩ ለእሪያ የሚሰጠውን እየበላ ብዙ ጊዜ ቢቆይም አልታመመም፤ ለምጽም አልወጣበትም። ሌላው ምርኮኛ እንደ ውርደት የቆጠረውን ነገር እሱ እንደ ትምህርት ቈጠረው።

ሰላም ሆኖ ወደ ፓሪስ ሲመለስ ትምህርቱን ቀጠለ፤ በ1766ም አንቫሊድ በተባለው የጦር ጉዳተኞች ቤት በውድድር ሥራ አገኘ። በ1769 እና በ1770 እህል ጠፍቶ ሕዝቡ ተራበ። ከዚህም የተነሣ የብዛንሶን አካዳሚ በችግር ጊዜ እህልን ሊተኩ የሚችሉ ተክሎች የትኞቹ እንደ ሆኑ ለሚያስረዳ ሰው ሽልማት አቀረበ። ፓርማንቲዬ ስለ ድንች ጽፎ ተሸለመ። በ1772 የፓሪስ የሕክምና ፋኩልቲ ድንች ጤና እንደማይነሣ መሰከረ።

የሆነ ሆኖ የሊቃውንት ምስክርነት የገበሬውን ልብ አላንቀሳቀሰም። ሕዝቡ እንጀራዬ የሚለው የስንዴ ዳቦን ስለ ነበረ፥ ፓርማንቲዬ በድንች ብቻ ዳቦ ለመጋገር ብዙ ደከመ፤ አጋገሩንም በ1779 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመ። ዳቦው ግን አልተስፋፋም። ስለዚህ ድንችን በዳቦ መልክ ከመሸሸግ ይልቅ በራሱ መልክ ማስከበር እንደሚሻል የተረዳ ይመስላል።

በ1780ዎቹ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ በፓሪስ አጠገብ ሳብሎን የተባለውን አሸዋማ መሬት ሰጡት። ድንቹ ባበበ ጊዜ ለንጉሡና ለንግሥቲቱ አበባውን አበረከተ፤ ንጉሡም በልብሳቸው ላይ ሰክተውት እንደ ታዩ ይነገራል። ደግሞም እርሻውን ቀን ቀን በወታደር አስጠብቆ ማታ ማታ ዘበኛውን ያነሣ ነበር ይባላል። ሕዝቡም ይህን ያህል የሚጠበቅ ነገር ውድ መሆን አለበት ብሎ በሌሊት እየሰረቀ በየጓሮው ተከለው። ለታላላቅ ሰዎችም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድንች ብቻ የሆነ ግብዣ ያደርግላቸው እንደ ነበር ይተረካል።

በ1789 አብዮት ተነሣ፤ ንጉሡም ተገደሉ። ድንቹ ግን ከዙፋኑ ጋር አልወደቀም፤ በ1794 በቱይለሪ ቤተ መንግሥት የአትክልት ስፍራ ሳይቀር ተተከለ። ፓርማንቲዬ በናፖሊዮን ዘመን የሠራዊት ጤና ተቆጣጣሪ ሆኖ አገለገለ፤ የፈንጣጣ ክትባት እንዲስፋፋም ደከመ። በ1813 በ76 ዓመቱ ሞተ። ፔር ላሼዝ በሚገኘው መቃብሩ ላይ ጐብኚዎች እስከ ዛሬ ድንች ያስቀምጡለታል።

ወደ አገራችን ድንችን ያስገባው በአድዋ አካባቢ ለብዙ ዘመን የኖረው ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ሺምፐር ሲሆን፥ ጊዜውም በ1850ዎቹ መጨረሻ ነው። እዚህም ድንች የተስፋፋው ቀስ በቀስ ነው፤ በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ የደረሰው ታላቅ ረኀብ ነበር ብዙውን ገበሬ ወደ እሱ ያስጠጋው።

እንግዲህ ፓርማንቲዬ ድንችን አልፈጠረውም፤ ወደ ፈረንሳይም ያስገባው እሱ አይደለም። ከላይ ያልነውንም የዶፊኔ ምግብ አላበሰለም። የሠራው ሥራ ሰው በረኀብ እየሞተ የሚንቀውን ምግብ ማስከበር ነበር። ለዚህም የቤተ ሙከራ ዕውቀት ብቻውን አልበቃውም፤ የሰውን ኩራትና ምኞት ጭምር ማወቅ አስፈለገው። ከትምህርት ቤት ወጥተን አዲስ ነገር ለወገኖቻችን ለማስተማር የምንጣደፍ ወጣቶች ይህን ብናስብ መልካም ነው። እውነት በመጽሐፍ ስለ ተጻፈች ብቻ ማንንም አታጠግብም፤ ከገበታው ላይ በክብር የሚያደርሳት ሰው ያስፈልጋታል።