ዐፄ ቴዎድሮስና በአፈሙዙ የሚጎርሰው መሣሪያ

ከሞቃታማዋ ሐርቡ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ኮምቦልቻን ካለፈ በኋላ የደሴን አቀበት ይወጣል። ከደሴ ወደ ተንታ ሲያመራም መንገዱ በመጨረሻ ዛሬ አምባ ማርያም ከሚባለው ከጥንቱ መቅደላ ያደርሰዋል። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ እዚያው አምባ ላይ ይገኛል። በአዲስ አበባ በቸርችል ጎዳና፣ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ምስሉ እንጂ እሱ ራሱ አይደለም። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ይህ መድፍ ከኋላው የሚከፈት በር የለውም። ባሩዱም ድንጋዩም የሚገባው በአፉ ነው፤ የሚጸዳውም በአፉ ነው። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ጀግንነትና ቁጣ ብዙ የተጻፈ ቢሆንም፣ የሕይወታቸው ትግል ምን ያህል ከዚህ ዓይነቱ መሣሪያና ከሚይዘው እጅ ጋር የተሳሰረ እንደ ነበረ ግን በቂ ትኩረት አልተሰጠውም።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ቀሰሙ፤ ከጎለመሱ በኋላም በበረሃ ሸፍተው ጭፍራ ሰበሰቡ። በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ጠረፍ ደባርቂ በተባለ ስፍራ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠሙ። ሠራዊታቸው ደፋር ነበር፤ ዳሩ ግን በሥርዐት የሠለጠነው ጠላት በመድፍ እየመታ ፈጃቸው። ከዚያች ቀን ወዲህ ድፍረት ብቻውን እንደማይበቃ ካሣ አልዘነጉም። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በተከታዩ ዓመት መባቻም ወደ ወሎ ዘምተው መቅደላን ያዙ።

በዘመኑ በኢትዮጵያ የነበረው ነፍጥ ከሞላ ጎደል ሁሉም በአፈሙዙ የሚጎርስ ነበር። ተኳሹ የተመጠነ ባሩድ በአፈሙዙ ያፈስሳል፤ አረሩን አስከትሎ ይጨምርና በዘንግ ገፍቶ ከባሩዱ ጋር ያገናኘዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው እሳት የሚሰጠው። ከባሩድ ጨው፣ ከከሰልና ከዲን የሚቀመመው ጥቁር ባሩድ ሲነድ ሁሉም ወደ አየርነት አይለወጥም፤ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ጠጣር ዝቃጭ ነው። ከፊሉ በጭስነት ሲወጣ የቀረው በቱቦው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ጥቂት ከተተኮሰ በኋላ ቱቦው ይጠብና አረሩ አልወርድ ይላል። አረሩ ከባሩዱ ሳይደርስ መንገድ ላይ ተወትፎ እንደ ሆነ ደግሞ ጠመንጃው በተኳሹ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ከዚህም የከፋው ዝቃጩ ጨዋማ መሆኑ ነው። እርጥበት እየሳበ በአንድ ሌሊት ብረቱን ያዝገዋል። ስለዚህ በአፈሙዙ የሚጎርስ መሣሪያ የያዘ ሰው ከተኩስ በኋላ ቱቦውን በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ በዘንግ ጫፍ ላይ በጠመጠመው ጨርቅ መወልወል፣ ፈጽሞ ማድረቅና ቅባት በስሱ መቀባት ነበረበት። ጨው ያለበት ቅባት ከዝገት አያድንም፤ ይብሱን ይጠራዋል። የእሳት መስጫዋን ቀዳዳም በቀጭን ሽቦ መጥረግ ያስፈልጋል፤ እርሷ ከተደፈነች የጎረሰው ሁሉ ከንቱ ነውና። የመድፍማ አደጋው ከዚህ ይብሳል። ከአንዱ ተኩስ ወደ ሌላው ሲታለፍ በውሃ የራሰ መወልወያ ወደ ውስጥ ገብቶ የቀረውን ፍም ካላጠፋው፣ አዲሱ ባሩድ ገና ሲገባ ተቀጣጥሎ የሚያጎርሰውን ሰው ይገድላል።

እንዲህ ያለ መሣሪያ ከባለቤቱ ይልቅ ባለሙያ ይፈልጋል። ባለሙያው ግን በአገሩ ልማድ የተናቀ ነበር፤ ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው ጠይብና ቡዳ እየተባለ ከሰው ተራ ይገለል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የብረታ ብረት ሥራ ያቋቋሙት በዚህ አገር ውስጥ ነው። ወንጌል ለመስበክ የመጡትን ቫልድማየርን፣ ዛልሙለርንና ባልንጀሮቻቸውን መድፍ እንዲሠሩላቸው አስገደዷቸው። እነርሱም ሙያው የለንም ቢሉ ምክንያታቸው አልተሰማም። የመጀመሪያው ሙከራ የምድጃው ጡብ እሳቱን ስላልቻለ ከሸፈ። እሳት የሚችል ሸክላ እስኪገኝ ድረስ ሥራው ተደጋገመ፤ በመጨረሻ ነሐሱ ቀልጦ ቅርጽ በያዘ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ እጅግ ተደሰቱ፤ ሠራተኞቹንም በሽልማት አከበሯቸው። የፖላንዱ ተወላጅ ሞሪትዝ ሆልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም ከዚያው ነበሩ። አንድ ንጉሥ ከምድጃ አጠገብ ቆሞ ቀልጦ የሚወርደውን ብረት መጠባበቁ በዚያ ዘመን መኳንንት ዓይን እንግዳ ነገር ነበር።

የንጉሠ ነገሥቱ ፍላጎት መሣሪያ ብቻ እንዳልነበረ በኋላ ታይቷል። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ በቀረ ጊዜ ቆንስል ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሠሩ። ሆኖም ጠቡ እየከረረ ሳለ በ1858 ዓ.ም. ፍላድን ወደ እንግሊዝ የላኩት ባለሙያና የሥራ መሣሪያ እንዲያመጣላቸው ነበር። ባለሙያዎቹም ተቀጥረው እስከ ምጽዋ መጡ፤ እስረኞቹ ስላልተፈቱ ግን ወደ መጡበት ተመለሱ። እዚህ ላይ የንጉሠ ነገሥቱን ጥፋት መሸፈን አይገባም። እጅግ የተመኙትን የእጅ ሙያ በሰንሰለት ለማምጣት ሞከሩ፤ ሙያ ደግሞ እንደ ግብር ተገዶ የሚገባ ነገር አይደለም። ጋፋትም የጥቂት የውጭ አገር ሰዎችን እጅ ይዞ የቆመ ስለ ነበረ፣ እነርሱ ሲነሡ አብሮ ተነሣ።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሴባስቶፖልንና ሌሎቹን መድፎች ወደ መቅደላ ማስጎተት ጀመሩ። ግዛታቸው በዐመፅ ተከብቦ ሠራዊታቸውም ይከዳቸው በነበረበት ሰዓት፣ በገደል ላይ መንገድ እየቀደዱ፣ የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆ እያሻገሩ ወራት ፈጁ። እርሳቸው ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ ከሠራተኛው ጋር ይሠሩ እንደ ነበረ በዐይናቸው ያዩ ጽፈዋል። በመጋቢት ወር መድፎቹ መቅደላ ደረሱ። ያ መንገድ ከመድፉ ይልቅ የሚያስደንቅ ሥራ ነው።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት ነበር። የጄኔራል ናፒየር ጦር በአሮጌ ሜዳ ላይ ሲደርስ ፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊቱን ይዘው ወረዱ። የወሎ የበልግ ዝናብም በውጊያው መካከል ወረደ። በአፈሙዙ ለሚጎርስ ነፍጥ ዝናብ ሁለተኛ ጠላት ነው፤ ባሩዱን ያርሳል፣ ክሩን ያጠፋል። እንግሊዞቹ የያዙት ግን ሰናድር ነበር፤ ከኋላው ተከፍቶ የተዘጋጀ ቀለህ ይጎርሳል። የቴዎድሮስ ወታደር አንድ ጊዜ ተኩሶ ዘንጉን ሲመዝ ባለሰናድሩ ደጋግሞ ይተኩስ ነበር። በአምባው አፋፍ ከተጠመዱት ትልልቅ መድፎች አንዱም ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ፤ ባሩዱ ያለ ልክ ተጎርሶ ነበር ይባላል። ገብርዬ ወደቁ፤ ከኢትዮጵያውያኑ ወገን ወደ 700 የሚጠጋ ሰው ሞተ። ከእንግሊዞቹ የቆሰሉት 20 ያህል ሲሆኑ ከእነዚህ ሁለቱ ሞቱ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ በፋሲካ ማግሥት ሰኞ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በተላከላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። ልጃቸው ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ18 ዓመቱ በዚያው ሞተ።

ናፒየር አገሩን ለቆ ሲወጣ፣ መንገድ ለከፈቱለት ለትግሬው ካሣ ምርጫ መድፎችና በመቶ የሚቆጠሩ ነፍጦች ትቶላቸው ሄደ። እነዚህም ነፍጦች በአፈሙዛቸው የሚጎርሱ፣ ሰናድር ለያዘው የእንግሊዝ ጦር ያረጁ ነበሩ። ካሣ ግን ጆን ከርክሃም የተባለ እንግሊዛዊ አሠልጣኝ ቀጥረው ወታደሮቻቸውን አጎራረሱንና አያያዙን በሥርዐት አስተማሩበት። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ በቁጥር እጅግ የሚበልጥ ሠራዊት ይዘው በዐድዋ አጠገብ ሲገጥሟቸው፣ በእነዚያው አሮጌ ነፍጦች ድል ሆኑ። በጥር 1864 ዓ.ም. ካሣ በአክሱም ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ነገሡ።