ካርዲናል ሬጂናልድ ፖልና የቤተሰባቸው መከራ

በበዓል ሰሞን ስለ እምነታቸው መከራ የተቀበሉ ሰዎችን ሕይወት መለስ ብሎ መመልከት የቆየ ልማድ ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣው በ16ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ ሀገር በተነሣው የሃይማኖት ሁከት መካከል የኖሩትን የካርዲናል ሬጂናልድ ፖልን ሕይወት ነው። የፖል ቤተሰብ ስም በዚያ ዘመን ከንጉሣዊ ዘር፣ ከስደት፣ ከእስራትና ከሰይፍ ጋር ተያይዞ ይነሣል። በጽሑፋችን የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን ለአንባቢያን እንገልጻለን።

ትውልድና አስተዳደግ

ሬጂናልድ ፖል በመጋቢት 1500 በስታፎርድሻየር ግዛት ተወለዱ። አባታቸው ሰር ሪቻርድ ፖል የቱዶር ቤተ መንግሥት ታማኝ አገልጋይ ነበሩ። እናታቸው ማርጋሬት ደግሞ የክላረንስ መስፍን የጆርጅ ልጅ ሲሆኑ፣ ነገሥታቱ ኤድዋርድ 4ኛና ሪቻርድ 3ኛ አጎቶቻቸው ነበሩ። ይህ የዘር ሐረግ ክብር ብቻ ሳይሆን አደጋም ነበር። የማርጋሬት አባት በወንድሙ በንጉሥ ኤድዋርድ ዘመን በሀገር ክህደት ተከሶ በ1478 በለንደን ግንብ ተገድሏል። ወንድማቸው የዋሪክ መስፍንም ሬጂናልድ ከመወለዳቸው ጥቂት ወራት አስቀድሞ በ1499 በሰይፍ ተቀጥቷል። የቀድሞዎቹ ነገሥታት ዘር በሕይወት መኖሩ ለአዲሱ የቱዶር ሥርወ መንግሥት የማያቋርጥ ስጋት ነበርና።

በ1509 የነገሠው ሄንሪ 8ኛ በመጀመሪያ ለዚህ ቤተሰብ ቸርነትን አሳየ። ለማርጋሬት የሳልስበሪን ግዛትና ማዕረግ መለሰላቸው፤ የልጁን የልዕልት ሜሪንም አስተዳደግ በአደራ ሰጣቸው። ሬጂናልድን በራሱ ወጪ በኦክስፎርድ ካስተማራቸው በኋላ በ1521 ወደ ኢጣልያ፣ ወደ ፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ላካቸው። በዚያም ከዘመኑ ሊቃውንት ጋር ተዋወቁ፤ በትሕትናቸውና በትምህርታቸውም ስማቸው ተሰማ። ይህ የንጉሡ ውለታ ነው በኋላ የተፈጠረውን ጠብ እጅግ መራራ ያደረገው።

ከንጉሡ ጋር መለያየት

ሄንሪ 8ኛ ሕጋዊት ሚስቱን ንግሥት ካትሪንን ፈትቶ አን ቦሊንን ለማግባት በተነሣ ጊዜ የሊቃውንትን ድጋፍ ፈለገ። ሬጂናልድም ለዚሁ ጉዳይ ወደ ፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ተልከው ነበር። ከዚያም በ1530 የዮርክ ሊቀ ጳጳስነት መንበር እንደሚሰጣቸው ተነገራቸው። ሹመቱ ታላቅ ነበር፤ ዋጋው ግን የፍቺውን ጉዳይ መደገፍ ነበር። ሬጂናልድ ኅሊናቸው ስላልፈቀደላቸው ሹመቱን ሳይቀበሉ ቀሩ፤ በ1532ም ከንጉሡ ፈቃድ አግኝተው ከሀገር ወጡ።

በ1534 ፓርላማው ንጉሡን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ ራስ ነው ብሎ ደነገገ። በ1535 ይህን አንቀበልም ያሉት ጳጳሱ ጆን ፊሸርና የቀድሞው የንጉሡ ዋና አማካሪ ቶማስ ሞር በሰይፍ ተቀጡ። ንጉሡም በጉዳዩ ላይ ያላቸውን አስተያየት በጽሑፍ እንዲገልጹለት ሬጂናልድን ጠየቀ። እሳቸውም በ1536 ስለ ቤተ ክርስቲያን አንድነት የሚከራከር ረጅም መጽሐፍ በላቲን ጽፈው ላኩለት። መጽሐፉ የንጉሡን ሥራ ያለ አንዳች ማለሳለስ የሚነቅፍ ነበር። ንጉሡ በእጅጉ ተቆጣ። በእንግሊዝ የቀሩት እናታቸውና ታላቅ ወንድማቸው ሎርድ ሞንታጉ መጽሐፉን የሚያወግዝ ደብዳቤ እንዲጽፉላቸው ተገደዱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጳውሎስ 3ኛ የሮም ፓፓ ሬጂናልድን ካርዲናል አድርገው ሾሟቸው፤ ቀጥሎም በንጉሡ ላይ የተነሣውን የሰሜን እንግሊዝ ሕዝብ ዐመፅ እንዲያግዙ መልእክተኛ አድርገው ላኳቸው። ዐመፁ ግን እሳቸው ሳይደርሱ ከሽፎ ነበር።

የቤተሰቡ መከራ

ንጉሡ ካርዲናሉን አሳልፈው እንዲሰጡት የጎረቤት መንግሥታትን ጠየቀ፤ ሆኖም እጁ አልደረሰባቸውም። በእጁ የነበሩት ቤተሰቦቻቸው ነበሩ። በ1538 ታናሽ ወንድማቸው ጄፍሪ ተይዞ ታሰረ። በምርመራው ብርታት አጥቶ በወንድሙና በዘመዶቹ ላይ መሰከረ፤ በእስር ቤትም ራሱን ለመግደል ሞክሮ ነበር። በእርሱ ቃል መሠረት ሎርድ ሞንታጉ ተፈርዶበት አንገቱ ተቀላ። የሞንታጉ ሕፃን ልጅ ሄንሪም ወደ ለንደን ግንብ ከገባ በኋላ ሲወጣ አልታየም። ጄፍሪ ምሕረት ቢያገኝም የኅሊና ዕረፍት አላገኘም፤ በኋላ ወደ ሮም ተጉዞ ከኃጢአቱ ለመፈታት ወንድሙን ካርዲናሉን ተማጸነ።

እናቲቱ ማርጋሬት በችሎት ሳይቀርቡ በፓርላማ ውሳኔ ብቻ ተፈርዶባቸው ከሁለት ዓመት በላይ በእስር ቆዩ። በግንቦት 27 ቀን 1541 ማለዳ በግንቡ ቅጥር ውስጥ ተገደሉ። ዕድሜያቸው 67 ዓመት ነበር። የተለመደው ሰያፊ በቦታው ስላልነበረ ሥራውን ያልተለማመደ ወጣት ብዙ ጊዜ ደጋግሞ እንደመታቸው በዘመኑ የነበሩ መልእክተኞች ጽፈዋል። ካርዲናል ፖል ወሬው በደረሳቸው ጊዜ እግዚአብሔር የሰማዕት ልጅ ስላደረጋቸው አመስግነው ወደ ጸሎት ክፍላቸው እንደገቡ ይነገራል። የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በ1886 ማርጋሬትን ብፅዕት ብላ ሰይማቸዋለች።

በኢጣልያ የቆዩበት ዘመን

በስደት ሳሉ ካርዲናሉ የሮማ ቤተ ክርስቲያን ከውስጥ እንድትታደስ ከሚፈልጉት ጋር ቆመው ነበር። በ1537 የቤተ ክርስቲያኒቱን ጉድለት ያለ ሽፋን ለፓፓው የገለጸውን የሊቃውንት ጉባኤ ሪፖርት ካዘጋጁት አንዱ ናቸው። በ1541 የቪተርቦ ከተማ አስተዳዳሪ ሆነው ሲሾሙ ባለቅኔዋን ቪቶሪያ ኮሎናን የመሰሉ ሰዎች በዙሪያቸው ተሰበሰቡ። ሰው የሚጸድቀው በእምነት ነው የሚለው ትምህርት በዚህ ማኅበር ዘንድ ሞቅ ያለ ተቀባይነት ነበረው። ይህም ኋላ ላይ ወጥመድ ሆኖባቸዋል።

በ1545 በተከፈተው የትሬንት ጉባኤ ከሦስቱ የፓፓው እንደራሴዎች አንዱ ነበሩ። አብሯቸው የተሾመው ካርዲናል ማርቼሎ ቼርቪኒ በሮም ይኖሩ የነበሩትን ኢትዮጵያዊውን አባ ተስፋ ጽዮንን የረዳ ሰው ነው። አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በሮም አሳትመዋልና ዘመኑ ለእኛም ታሪክ እንግዳ አይደለም። ጳውሎስ 3ኛ ባረፉ ጊዜ በ1549 በተደረገው ምርጫ ካርዲናል ፖል ፓፓ ለመሆን የቀራቸው በጣም ጥቂት ድምፅ ብቻ ነበር። ደጋፊዎቻቸው በሌሊት በእልልታ ሊያነግሧቸው ቢመጡም በሥርዓቱ መሠረት ይሁን ብለው እስኪነጋ እንዲቆዩ አደረጉ። ሲነጋ ግን ዕድሉ አመለጣቸው።

ወደ ሀገር መመለስ

በ1553 በእናታቸው እጅ ያደገችው ሜሪ ነገሠች። ካርዲናሉ የፓፓው እንደራሴ ሆነው ከሃያ ዓመት በላይ ስደት በኋላ በኅዳር 1554 ወደ ሀገራቸው ገቡ። በኅዳር 30 ቀን፣ በቅዱስ እንድርያስ በዓል፣ የፓርላማው አባላት ተንበርክከው ሳሉ ሀገሪቱን ከውግዘት ፈቱ። ቀኑ በቤተ ክርስቲያናችን ስንክሳርም ታኅሣሥ 4 ሆኖ የሚታሰበው የሐዋርያው የዕረፍት በዓል ነው። ከገዳማት የተወሰደው መሬት በያዙት ሰዎች እጅ እንዲቀርም ተፈቀደ፤ ያለዚያ ዕርቁ ባልጸና ነበር። ካርዲናሉ በጠሩት የለንደን ሲኖዶስ በየካቴድራሉ ለካህናት ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ተወሰነ። በ1563 የትሬንት ጉባኤ ተመሳሳይ ድንጋጌ አውጥቷል።

ነገር ግን ከዕርቁ በኋላ እሳት ተከተለ። የቀድሞው የመናፍቃን ሕግ ተመልሶ ጸና፤ ከየካቲት 1555 ጀምሮ በአራት ዓመት ባልሞላ ጊዜ 280 ያህል ፕሮቴስታንቶች በእሳት ተቃጠሉ። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ክራንመር በመጋቢት 21 ቀን 1556 ተቃጠሉ፤ በማግስቱ ካርዲናል ፖል በዚያው መንበር ተሾሙ። እሳቸው ሰውን ከማቃጠል ይልቅ መክሮ መመለስን እንደሚመርጡ ያሳዩባቸው ጊዜያት ነበሩ። ሆኖም ሥልጣኑ በእጃቸው ሳለ እሳቱን አላስቆሙም። በካንተርበሪ ከተማ ብቻ ወደ 40 ሰዎች ተቃጥለዋል፤ የመጨረሻዎቹ አምስት ሰዎች የሞቱትም ካርዲናሉ ሊያርፉ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው ነው።

የመጨረሻው መከራ የመጣባቸው ከራሳቸው ወገን ነበር። የቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው ካራፋ ጳውሎስ 4ኛ ተብለው ፓፓ ከሆኑ በኋላ በ1557 እንደራሴነታቸውን ሻሩ፤ በኑፋቄ ተጠርጥረውም ወደ ሮም እንዲመጡ አዘዙ። ወዳጃቸው ካርዲናል ሞሮኔ በዚያ ታስረው ነበር። ንግሥቲቱ ግን አልለቅም አለች። በኅዳር 17 ቀን 1558 ንግሥት ሜሪ ሞተች፤ ታምመው የነበሩት ካርዲናልም በላምቤዝ ቤተ መንግሥታቸው ከእርሷ በኋላ ግማሽ ቀን ያህል ብቻ ቆይተው ዐረፉ። የደከሙለት ዕርቅም በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን ፈረሰ። መቃብራቸው በካንተርበሪ ካቴድራል ይገኛል።

ከታሪካቸው የምንማረው

ካርዲናል ፖል ለንጉሥ ሹመት ኅሊናቸውን ያልሸጡ፣ እናታቸውንና ወንድማቸውን በእምነት ምክንያት ያጡ ሰው ነበሩ። እንዲህ ያለው ሰው የሌላው ኅሊና በእሳት ሲፈተን ይበልጥ ሊያዝን ይገባው ነበር ብንል ከፍርድ አልራቅንም። በማርጋሬት ፖል አንገት ላይ ያረፈው ሰይፍ ልጃቸውን ከእምነታቸው አልነቀለም፤ በካንተርበሪ የነደደው እሳትም የሟቾቹን ልጆች ከእምነታቸው አልመለሰም። የተበደለ ሰው ሥልጣን በሚያገኝበት ቀን መከራውን ቢያስታውስ ለራሱም ለሀገሩም ይበጃል። ፍጹሙን ፍርድ ግን ልብን ለሚመረምር አምላክ እንተወዋለን።