የአባ ማሪ አለን ኩቱሪዬ ታሪክና የአሲ ተራራ ቤተ ክርስቲያን

አባ ማሪ አለን ኩቱሪዬ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1897 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በሞንብሪዞን ከተማ ተወለዱ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘምተው በ1917 ዓ.ም. ቆሰሉ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ሥዕል ለመማር ወደ ፓሪስ ሄደው፥ ሞሪስ ደኒና ዦርዥ ደቫሊዬር የተባሉ ሠዓልያን በ1919 ዓ.ም. ባቋቋሙት የመንፈሳዊ ሥዕል ማስተማሪያ ገቡ፤ የግድግዳ ሥዕልንና የባለ ቀለም መስተዋትን ሥራም ተማሩ። ከዚህም በኋላ በ1925 ዓ.ም. ወደ ዶሚኒካውያን ማኅበር ገብተው በ1930 ዓ.ም. ክህነት ተቀበሉ። መነኵሴ ቢሆኑም የሠዓሊነት እጃቸውን አልተዉም።

በዚያ ዘመን በፈረንሳይ አብያተ ክርስቲያናት ይቆሙ የነበሩት ምስሎች ብዙዎቹ በፋብሪካ በአንድ ቅርጽ እየወጡ በሱቅ የሚሸጡ ነበሩ። አባ ኩቱሪዬ ከአባ ሬጋሜ ጋራ ሆነው በሚመሩት ላር ሳክሬ በተባለው መጽሔት ይህን አጥብቀው ይነቅፉ ነበር። የቀድሞ ሰዎች በየዘመናቸው ከነበሩት ባለ እጆች የላቀውን መርጠው ቤተ እግዚአብሔርን እንዳሠሩ ሁሉ፥ የዛሬዎቹም ካሉት ሊቃውንት የላቀውን መፈለግ ይገባቸዋል የሚል አሳብ ነበራቸው። ሠሪው ምእመንም ጠቢብም ሆኖ ቢገኝ እጅግ መልካም ነው፤ እንዲህ ያለው ሲታጣ ግን ጥበብ ከሌለው ምእመን ይልቅ እምነት የሌለውን ጠቢብ መጥራት ይሻላል ይሉ ነበር። ይህም አሳብ ወዳጅንም ተቃዋሚንም አበዛባቸው።

አሳባቸው በሥራ የተፈተነው በተራራ ላይ ነው። በፈረንሳይ ምሥራቅ፥ በሳቮይ አውራጃ፥ በሞንብላን ተራራ ፊት ለፊት፥ ከፍታው 1000 ሜትር ያህል የሆነ የአሲ አምባ ይገኛል። አየሩ ንጹሕ ስለ ሆነ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የሚታከሙባቸው ትልልቅ ቤቶች ተሠርተውበት ነበር። መድኃኒቱ ገና ባልተገኘበት በዚያ ወራት ሕሙማኑ ከቤተ ሰባቸው ተለይተው ብዙ ጊዜ ይተኙ ነበር፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በዚያው ይሞቱ ነበር። የነፍስ አባታቸው አባ ዣን ዴቬሚ ለእነዚህ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ለማሠራት ተነሡ። ለዚሁ በተደረገው ውድድር የዚያው አውራጃ ተወላጅ የሆኑት ሙሴ ሞሪስ ኖቫሪና የሚባሉ ወጣት መሐንዲስ አሸነፉ፤ ሥራውም በ1937 ዓ.ም. ተጀመረ።

ኖቫሪና የከተማ ካቴድራልን ለመምሰል አልደከሙም፤ የተራራው ባላገር ቤቱን የሚሠራበትን ሥርዓት ተከተሉ። ጣራው ሰፊ ሆኖ ከግድግዳው አልፎ ይወጣል፤ ብዙ በረዶም ይሸከማል። በመግቢያው ወፋፍራም የድንጋይ ዓምዶች ቆመዋል። በውስጥም የጣራው እንጨት ሳይሸፈን ይታያል፤ በሠረገላዎቹም ጫፍ የብሉይ ኪዳን ታሪክ ተቀርጾበታል።

በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ የአዲስ መስተዋት ሥራ ለሕዝብ በታየ ጊዜ አባ ኩቱሪዬ ለአባ ዴቬሚ የዦርዥ ሩዎን ሥራ አሳዩአቸው። ሩዎ ጽኑ ካቶሊካዊ ሲሆኑ፥ ዕድሜያቸው ከስልሳ ዓመት አልፎ ሳለ ቤተ ክርስቲያን ገና ሥራ አላዘዘቻቸውም ነበር። መስተዋቱ ተለክቶ ለአሲ መስኮት ልክ ሆኖ ተገኘ። የአሲ ጌጥ መጀመሪያው ይህ ነው።

አባ ኩቱሪዬ በ1940 ዓ.ም. ለስብከት ወደ ኒውዮርክ ተሻግረው ሳሉ ጦርነቱ መንገድ ስለ ዘጋባቸው እስከ 1945 ዓ.ም. በአሜሪካና በካናዳ ተቀመጡ። ከተመለሱም በኋላ ታላላቆቹን ሠዓልያን አንድ ባንድ ለአሲ ለመኑ። ፌርናን ሌዤ የፊት ግንቡን ለእመቤታችን ክብር በሞዛይክ አስጌጡ። ዣን ሉርሳ በራእየ ዮሐንስ የተነገሩትን ሴቲቱንና ዘንዶውን በታላቅ ስጋጃ ላይ አሳዩ። ቦናር የሳቮይን ቅዱስ ፍራንሷ ደ ሳልን፥ ማቲስ ቅዱስ ዶሚኒክን ሣሉ፤ ብራክም ቅዱስ ቍርባን በሚቀመጥበት ሣጥን በር ላይ ዓሣ ቀረጹ። ከእነዚህ መካከል ሌዤና ሉርሳ ኮሙኒስቶች ነበሩ። እመቤታችንን በነሐስ የሠሩት ሊፕሺትስና የጥምቀቱን ቦታ ያስጌጡት ሻጋል ደግሞ አይሁድ ናቸው።

ቤተ ክርስቲያኒቱ በነሐሴ 4 ቀን 1950 ዓ.ም. ተባረከች። ነገር ግን ዠርሜን ሪሺዬ የምትባል ቀራፂ ለዋናው መሠዊያ የሠራችው የነሐስ ስቅለት ብዙ ክርክር አስነሣ። የጌታ ሥጋ ከመስቀሉ እንጨት ጋራ አንድ እስኪመስል ድረስ የደቀቀ፥ መልኩም የማይለይ ነበረ፤ ነቢዩ ኢሳይያስ ስለ ሕማም ሰው የተናገረውን ተከትላ ነው የሠራችው። ከሕሙማኑ መካከል የራሳቸውን ሥቃይ አይተውበት የተጽናኑ ነበሩ። ሌሎች ግን የጌታን መልክ ማዋረድ ነው ብለው ከሰሱ፤ በ1951 ዓ.ም. በአንሲው ጳጳስ ትእዛዝ ከመሠዊያው ተነሣ። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ ከሮም ስለ ቅዱሳት ሥዕሎች የሚያስጠነቅቅ መመሪያ ወጣ።

ጳጳሱ የሚጠብቁት የምእመናንን ጸሎት ስለ ነበረ፥ ነገሩ በቀላል የሚፈረድ አይደለም። ምስል ሰውን ወደ ጸሎት ካልመራ ጥበቡ ምን ይጠቅማል? ደግሞስ ሕመምተኛው የሚጸልይበትን ምስል ጤነኛው ቢያስነሣበት ማን ያጽናናዋል? አባ ኩቱሪዬ ይህ ጥያቄ ሳይፈታ ሥራቸውን ቀጠሉ። በቫንስ ማቲስ የሠሩት የሮዛሪዮ ጸሎት ቤት በ1951 ዓ.ም. ሲፈጸም የቅዱስ ዶሚኒክ ሥዕል የተነደፈው በእርሳቸው ቁመና ነበር። ለሮንሻን ኮረብታ ቤተ ክርስቲያንም መሐንዲሱን ለ ኮርቡዚዬን ደገፉ፤ ነገር ግን ፍጻሜዋን ሳያዩ በየካቲት 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ዐረፉ።

በዚያ ቀን የአሲው ስቅለት ገና ከስፍራው እንደ ራቀ ነበረ። ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ዋናው መሠዊያ ተመለሰ። ለሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ስለ ተገኘለት የቀድሞዎቹ ሕሙማን ከአምባው ሄደዋል፤ ስለ እነርሱ የተሠራው ስቅለት ግን በስፍራው ቆሞ ይገኛል።