ጀምስ ብሩስ፣ ዋጊኖስ እና የካንሰር መድኃኒት ፍለጋ

ጀምስ ብሩስን አብዛኞቻችን የምናውቀው በዓባይ ነው። ስሙ ሲነሳ ግሽ ዓባይ፣ ጎንደር እና ራስ ሚካኤል ስሑል አብረው ይነሳሉ። ስሙ ግን ብዙዎቻችን የማናስተውለው ሌላ ቦታም አለ። ዋጊኖስ የምንለው የኛው ቁጥቋጦ በሳይንስ ስሙ ብሩሲያ አንቲዲሰንተሪካ ነው። ከዚሁ ተክል የወጣውና አንድ ሰሞን ለካንሰር በሰው ላይ የተሞከረው ንጥረ ነገር ደግሞ ብሩሲያንቲን ይባላል። አንድ የስኮትላንድ ባላባት ከሞተ ከ180 ዓመት ገደማ በኋላ ስሙ እንዴት የካንሰር ቤተ ሙከራ ውስጥ ገባ? ታሪኩ እነሆ። (ዓመቶቹ፣ አለዚያ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከወይን ጠጅ ንግድ ወደ ጎንደር

ብሩስ በ1730 ስኮትላንድ ውስጥ ኪናይርድ በሚባል የቤተሰቡ ርስት ተወለደ። ሕግ እንዲማር ተላከ፣ አልሆነለትም። በ1754 አድሪያና አለን የምትባል የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ አገባና እሱም ንግዱ ውስጥ ገባ። ትዳሩ ግን ዓመት እንኳን አልሞላም። ሚስቱ በሳንባ ነቀርሳ ፓሪስ ላይ ሞተችበት። ገና 23 ዓመቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ልቡ ከቤት ወጣ። አረብኛ ተማረ፣ ግዕዝም ቆጠረ። በ1763 የእንግሊዝ ቆንስላ ሆኖ አልጀርስ ገባ። ሥራውን ሲለቅ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሠዓሊ ይዞ ሰሜን አፍሪካንና ሶርያን ዞረ። ሶርያ ላይ ከአንድ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ጥቂት ሕክምና ተማረ። ልብ በሉ፣ ብሩስ ሐኪም አልነበረም። የተማረው ለጉዞ ስንቅ ያህል ነው። ጎንደር ላይ በሩን ሁሉ የከፈተለት ግን ይሄው ስንቅ ነው።

በ1769 በምጽዋ ገብቶ በቀጣዩ ዓመት ፌብሩዋሪ ጎንደር ደረሰ። ዙፋኑ ላይ ወጣቱ ዳግማዊ አፄ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ፣ ሥልጣኑ ግን በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነው። ራስ ሚካኤል ዘመቻ ላይ ነበሩ፣ ከተማው ውስጥ ደግሞ ፈንጣጣ ገብቷል። እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ካለው ቤተ መንግሥታቸው እንግዳውን አስጠሩት። የልጃቸው የወይዘሮ አስቴር ቤት ታሞ ነበር። ብሩስ ያደረገው ነገር ብዙ አይደለም። በሩንና መስኮቱን አስከፈተ፣ ክፍሉን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፣ ኮምጣጤ ተጠቀመ። የወይዘሮ አስቴር ልጅ ዳነ። ከዚያ ወዲያ ያ ቁመቱ 1.90 ሜትር የሚያልፍ ቀይ ፀጉር ፈረንጅ፣ ጎንደሬዎቹ ያዕቆብ ያሉት ሰውዬ፣ የቤተ መንግሥት ሰው ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አስቀምጡልኝ። ልጁን ያዳነው የብሩስ ሕክምና ነው ወይስ ልጁ በራሱ ነው የዳነው? ከፈንጣጣ ብዙ ሰው ይሞታል፣ ብዙ ሰውም ይተርፋል። ብሩስም፣ ወይዘሮ አስቴርም፣ እኛም የምናውቅበት መንገድ የለም። ወደዚህ እንመለሳለን።

ግሽ ዓባይ እና የመጀመሪያው ሰው

በ1770 ኖቬምበር ብሩስ ግሽ ዓባይ ደረሰ። ምንጩን ያየሁ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ ብሎ አመነ፣ ዓለምንም ለማሳመን ዕድሜ ልኩን ሠራ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው ኢየሱሳዊ ቄስ በ1618፣ ማለትም ከ152 ዓመት በፊት፣ እዚያው ቆሟል። ባሉጋኒም አብሮት ነበር፣ ብሩስ በኋላ ሲጽፍ ግን ከጉዞው አወጣው። ሠዓሊው በ1771 ጎንደር ሞቶ ስለቀረ የሚከራከርለት ሰው አልነበረም። ዛሬ የሳላቸው የኢትዮጵያ ዕፅዋትና አእዋፍ ሥዕሎች ብዙዎቹ አሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ማዕከል ውስጥ ይገኛሉ። የግሽን ምንጭ ከነሱ ሁሉ በፊት የሚያውቀውና ጸበል የሚጠመቅበት የሰከላ ገበሬ ደግሞ ቆጠራው ውስጥ ጭራሽ አልገባም።

መተማ አካባቢ የተገኘው ሥር

በ1771 ሜይ ላይ ራስ ሚካኤል ሰርባኩሳ ላይ ተሸነፉ። ብሩስም የዓመቱ መጨረሻ ላይ ጎንደርን ለቆ በሱዳን በኩል ወደ አገሩ ጉዞ ጀመረ። ዛሬ መተማ በምንለው አካባቢ፣ ያኔ ራስ ፊል በሚባለው ቆላ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያዘው። በዚያ ዘመን ይህ በሽታ ሠራዊት ይጨርስ ነበር። የአካባቢው ሰዎች ዋጊኖስ የሚባል ቁጥቋጦ ሥር ልጣጩን አድርቀው፣ ወቅጠው ሰጡት። መራራ ነው። ጠጣው፣ ተሻለው።

ብሩስ የተክሉን ዘር ይዞ ሄደ። አውሮፓ ላይ ዘሩ በቀለ፣ የዕፅዋት ሊቃውንትም ስም አወጡለት። የመጀመሪያው ቃል የሰውዬው ስም ነው፣ ሁለተኛው ፀረ ተቅማጥ እንደማለት ነው። ሥሩን ወቅጦ የሰጠው የቆላ ሰው ስም ግን ሳይንስ ውስጥ የለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ስቃይ ነው። ሰናር ላይ ታገተ ማለት ይቻላል፣ የኑቢያን በረሃ በጥም ሊሞት ሲል አቋረጠው፣ በ1772 መጨረሻ አስዋን ደረሰ። ሻንጣው ውስጥ የግዕዝ መጻሕፍት ነበሩ፣ ከነዚህም ውስጥ አውሮፓ ሙሉውን አጥቶት የኖረው መጽሐፈ ሄኖክ አንዱ ነው።

ለንደን ሲገባ ጀግና ተብሎ ተቀበሉት፣ ከዚያ ሳቁበት። ኢትዮጵያውያን ጥሬ ሥጋ ይበላሉ ሲል ቀጣፊ አሉት። ቅዳሜ ቁርጥ ቤት ስትቀመጡ ይሄን አስታውሱ። ካላመኑት አንዱ ሳሙኤል ጆንሰን ነው። ጆንሰን ኢትዮጵያን ሳይረግጥ ስለ ኢትዮጵያዊ ልዑል ራሴላስ የሚል ልብ ወለድ የጻፈ ሰው ነው። ያላየው ያየውን ውሸታም አለው። ብሩስ ተቀይሞ ኪናይርድ ገባ፣ ድጋሚ አገባ፣ ሁለተኛዋ ሚስቱም ቀድማው ሞተች። መጽሐፉን በአምስት ቅጽ ያሳተመው በ1790 ነው፣ ጎንደርን ከለቀቀ ከ18 ዓመት ገደማ በኋላ። በ1794 ኤፕሪል አንዲት እንግዳ ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። በረሃ ያልገደለውን ደረጃ ገደለው።

እንግዲህ የሰውዬው ዕጣ ይሄ ነው። እውነት ሲናገር (ጥሬ ሥጋውን) አላመኑትም፣ ስህተት የሆነውን (የመጀመሪያው ነኝ ያለውን) ግን ብዙ ሰው ለረጅም ጊዜ ተቀበለው። ማመንና አለማመን ነገሩን እውነት ወይም ውሸት አያደርገውም። ማጣራት ነው የሚያስፈልገው።

ዋጊኖስ ሲጣራ

አሁን ወደ ካንሰሩ። ከ1960 ጀምሮ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ከዓለም ዙሪያ ዕፅዋት እያስለቀመ ካንሰር ይገድሉ እንደሆነ ማስመርመር ጀመረ። በሁለት አስርት ዓመታት ከ100,000 በላይ የዕፅዋት ጭማቂ ተፈተሸ። ከተመራማሪዎቹ አንዱ ሞሪስ ኩፕቻን የሚባል ኬሚስት ነበር። በ1973 እሱና ባልደረቦቹ ከዋጊኖስ ብሩሲያንቲንን ለይተው አወጡ። በጽሑፋቸውም ተክሉ ኢትዮጵያ ውስጥ ለካንሰር እንደሚሰጥ መዘገቡ። ማለትም ፍንጩ የአገር ቤት ነው።

ብሩሲያንቲን የሚሠራው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሴል ራይቦዞም የሚባሉ የፕሮቲን ፋብሪካዎች አሉት። ብሩሲያንቲን ፋብሪካውን ያስቆማል። ፕሮቲን ከሌለ ሴሉ አያድግም፣ ይሞታል። የደም ካንሰር ባላቸው አይጦች ላይ ውጤቱ ድንቅ ነበር። ችግሩ ጤነኛው ሴልም ይሄው ፋብሪካ አለው። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ80ዎቹ መጀመሪያ በሰው ላይ ሲሞከር ማስመለስ መጣ፣ የደም ግፊት ወረደ። የጡት ካንሰርና ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ባለባቸው ሕሙማን ላይ ደግሞ ዕጢው የሚፈለገውን ያህል አልቀነሰም። ሙከራው ቆመ። በ2004 ሌሎች ተመራማሪዎች መልቲፕል ማየሎማ በሚባል የደም ካንሰር ላይ በቤተ ሙከራና በአይጥ እንደገና ፈትሸው ተስፋ አለው ብለዋል። መድኃኒት ግን አልሆነም።

ተስፋ አስቆራጭ ነው? ሙሉ በሙሉ አይደለም። ያው ኩፕቻን በ1972 ኢትዮጵያ ውስጥ ከተለቀመ የአጣጥ ወገን ተክል ሜይታንሲን የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር አውጥቶ ነበር። እሱም መርዛማ ነው ተብሎ ተጣለ። በኋላ ግን ሳይንቲስቶች ከሱ የተሠራ ንጥረ ነገር የጡት ካንሰር ሴልን ለይቶ ከሚያውቅ አንቲቦዲ ጋር አሰሩት። መርዙ በየቦታው ከመፍሰስ ይልቅ አድራሻ ተሰጠው። በ2013 ካድሳይላ በሚል ስም አሜሪካ ውስጥ ጸደቀ። ኩፕቻን አላየውም፣ በ1976 ሞቷል። ከተክል ወደ መርፌ 41 ዓመት።

ታክሶልም ተመሳሳይ ነው። የዛፉ ቅርፊት የተለቀመው በ1962፣ መድኃኒት ሆኖ የጸደቀው በ1992። ለልጆች የደም ካንሰር የሚሰጠው ቪንክሪስቲንም የመጣው ከማዳጋስካር አበባ ነው። ዕፅዋት ካንሰርን አያክሙም የሚል ሰው ተሳስቷል። ግን ማንም አበባውን ቀቅሎ ጠጥቶ አልዳነም። መጠኑ በሚሊግራም ተለክቶ፣ በደም ሥር፣ በሐኪም ክትትል ነው የሚሰጠው።

ያልዳነው ቪዲዮ አይሠራም

ይሄን ሁሉ የማወራው ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ በየሳምንቱ ካንሰር የሚነቅል ሥር ስለምናይ ነው። አንድ ሰው ቀርቦ ጠጣሁ ዳንኩ ይላል። ሰውዬው ላይዋሽ ይችላል። ብሩስም አልዋሸም፣ ዋጊኖስ ጠጥቶ ተሽሎታል። ግን ጠጥተው የሞቱት መጽሐፍ አይጽፉም፣ ቪዲዮም አይሠሩም። ስለዚህ እኛ ጋ የሚደርሰው ሁሌም የተረፈው ድምፅ ብቻ ነው። ጠጪውና ያልጠጣው ጎን ለጎን ካልተቆጠሩ የዱቄቱን ሥራ ከዕድል መለየት አይቻልም።

ኢኮኖሚክስ ስንማር በየሴሚስተሩ የሚመላለስብን አንድ ሐሳብ ነበር፦ የምርጫ ዋጋ ያወጣኸው ብር ብቻ አይደለም፣ የተውከው አማራጭም ነው። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች እህት ስድስት ወር ሥር ብትጠጣ የከፈለችው የሥሩን ዋጋ አይደለም። የከፈለችው ስድስት ወሩን ነው። ካንሰር ደግሞ ጊዜን በነፃ አይሰጥም። በዚያ ላይ ስም ያሳስታል። ዋጊኖስን አንዳንድ ቦታ አባሎ ይሉታል፣ ሌላ ቦታ አባሎ የሚባለው ግን ፈጽሞ ሌላ ዛፍ ነው።

የባህል ሐኪሞቻችንን መናቅ አይደለም። ፍንጩ የነሱ እንደነበር ኩፕቻን ራሱ መዝግቦታል። ለዚህም ነው በኛ አቆጣጠር በ1998 የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 ጄኔቲክ ሀብታችንን ወስዶ ጥቅም ያገኘ ሁሉ የማኅበረሰቡን ድርሻ እንዲከፍል የሚያዘው። ድርሻችንን ለመጠየቅ ግን ተክሉ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ የሚያጣሩ የራሳችን ቤተ ሙከራዎችና ተመራማሪዎች ያስፈልጉናል። አለበለዚያ ዘሩን የሚወስደውም፣ ስም የሚያወጣውም ሁሌ ሌላ ሰው ነው።

እስከዚያው ከቤታችሁ ሰው እብጠት ወይም የማይድን ቁስል ካየ መጀመሪያ ሆስፒታል ይታይ። ባህላዊ መድኃኒት እየወሰደ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገር፣ አይደብቅ። መራራው ሥር ከሕክምናው ጋር ሊጋጭ ይችላልና።