ጆን ኬሜኒ እና የቁልፍ ሰሌዳ ግብዓት

ጆን ኬሜኒ በ1926 በቡዳፔስት ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ (ዘመናቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1940 ከናዚዎች ስጋት ሸሽተው አሜሪካ ገቡ። በሎስ አላሞስ በሒሳብ ስሌት ሥራ ካገለገሉና የአንስታይን ረዳት ከሆኑ በኋላ፣ በ1949 ከፕሪንስተን የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ፤ በ1953ም በዳርትማውዝ ኮሌጅ ማስተማር ጀመሩ።

በዚያ ዘመን መረጃ ለኮምፒውተር የሚቀርበው በተበሳ ካርድ ነበር። በፎርትራን ቋንቋ ቁጥሮች በተወሰነላቸው ዓምድ መስፈር ነበረባቸው፤ አንድ ዓምድ የተዛነፈ ቁጥር ሌላ ዋጋ ይዞ ይነበባል። ይህ ጥብቅ ሥርዓት የሳይንስ ተማሪ ላልሆነው ብዙኃኑ በሩን እንደ ዘጋ ኬሜኒ ተገነዘቡ። ስለሆነም ከባልደረባቸው ከቶማስ ኩርትዝ ጋር ቤዚክ የተባለውን ቋንቋ ነደፉ፤ ቋንቋውም ግንቦት 1 ቀን 1964 ለመጀመሪያ ጊዜ ሠራ።

የመጀመሪያው ቤዚክ መረጃን የሚያነበው በፕሮግራሙ ውስጥ አስቀድሞ ከተጻፈው ብቻ ነበር። ኢንፑት የተባለው ትእዛዝ በ1966 ሲታከል ግን ፕሮግራሙ በመካከል ቆሞ በቴሌታይፑ ላይ የጥያቄ ምልክት ያትምና የተጠቃሚውን መልስ ይጠብቅ ጀመር። ተጠቃሚው ቁጥሮቹን በነጠላ ሰረዝ ለይቶ ከመጻፍ በቀር ስለ ዓምድ አይጨነቅም፤ ሙሉ ቁጥርን ከአስርዮሽ መለየትም አይጠበቅበትም። የቅርጽ ሸክም ከሰው ወደ መሣሪያው ተሻገረ።

ኬሜኒ ከ1970 እስከ 1981 ኮሌጁን በፕሬዚዳንትነት መርተው በታኅሣሥ 1992 ዐረፉ። ጠይቆ የመጠበቅና የተጻፈውን ራሱ የመተርጎም ልማድ ግን ዛሬም በጽሑፍ ተርሚናል በሚሠሩ ፕሮግራሞች ዘንድ ጸንቶ ይኖራል።