ከቁም ሣጥን ውስጥ የተነሣ ደራሲ

ከሽሮ ሜዳ የሸማኔ ቤቶች በአንዱ ደጃፍ ቆሞ የተመለከተ ሰው፤ ባለሙያው እግሮቹን ከጉድጓዱ ከትቶ፤ ከወገቡ በላይ ብቻ እየታየ፤ የዕቃው አንድ ክፍል መስሎ ሲሠራ እንደሚውል ያውቃል። እኛም በቅርቡ በጉለሌ ስናልፍ ይህንኑ አይተን አንድ የጃፓን ደራሲ ትዝ አለን። በእርሱ ድርሰት ውስጥ ያለው ባለሙያ ግን ከወገቡ ላይ አያበቃም፤ ሙሉ ሰውነቱን ከሠራው ዕቃ ሆድ ውስጥ አስገብቶ በራሱ ላይ ይዘጋል።

ደራሲው ኤዶጋዋ ራንፖ ይባላል። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ብንናገር፤ በ1894 በሚዬ አውራጃ ናባሪ በምትባል ከተማ ተወለደ። የቤት ስሙ ሂራይ ታሮ ነው። እናቱ ከልጅነቱ ጀምራ የወንጀል ምርመራ ታሪክ ታነብለት ነበር። በ1912 የአባቱ ንግድ ስለ ከሰረ ቶኪዮ ካለው ከዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ የገባው ባዶ ኪሱን ነው፤ እየሠራ ተምሮ በ1916 በኤኮኖሚክስ ተመረቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ታሪኩ ለአዲስ ተመራቂ የሚያበረታታ አይደለም። አንዱን ሥራ ይይዛል፤ ጥቂት ወራት ይቆያል፤ ይተወዋል። ከወንድሞቹ ጋር አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጥበት ሱቅ ከፈተ፤ በመንገድ ላይ ጋሪ እየገፋ የጃፓኖችን ፓስታ ሸጠ። ከሁሉ የሚገርመው ግን በ1917 ቶባ በሚባለው ወደብ ከመርከብ መሥሪያ ኩባንያ በተቀጠረ ጊዜ ያደረገው ነው። ከሠራተኞች ማደሪያ በክፍሉ ግድግዳ ውስጥ ፍራሽና ብርድ ልብስ የሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ነበር። ወጣቱ የቢሮ ሠራተኛ ከሥራ እየቀረ ከዚያ ይገባና መዝጊያውን ዘግቶ በጨለማ ተጋድሞ ያስብ ነበር። አለቃ ቢሰማ ስንፍና ይለዋል፤ እኛም ብንሆን ሌላ ስም ባልሰጠነው ነበር። ነገር ግን በኋላ በ1925 በቤት ጣሪያ ሥር እየተሳበ የጎረቤቶቹን ኑሮ በቀዳዳ ስለሚመለከት ሰው የጻፈው ድርሰት መነሻው ያ ቁም ሣጥን ነው።

የመጀመሪያ ድርሰቱ የታተመው ሥራ ፈትቶ ከቆየ በኋላ በ1923 ነው። የብዕር ስሙን ያገኘው በ1849 ከሞተው ከአሜሪካዊው ደራሲ ከኤድጋር አላን ፖ ነው፤ ስሙን በጃፓኖች አንደበት ፈጠን አድርጎ የጠራ ሰው ልዩነቱን አያገኘውም። ፖ በሕይወቱ ስለ ተቀበረ ሰው ጽፎ ነበር። ራንፖ መቃብሩን ወደ ሳሎን አመጣው።

በ1925 የወጣው “የሰው ወንበር” ይህን ያሳያል። አንድ መልከ ጥፉ ወንበር ሠሪ ለውጭ አገር ሰዎች ሆቴል ትልቅ የቆዳ ወንበር ይሠራል። ሲሠራውም ውስጡን ክፍት አድርጎ ጉልበቱን አጥፎ የሚቀመጥበትን፤ ምግብና ውሃ የሚያኖርበትን ቦታ ያበጃል። ሐሳቡ ሌሊት እየወጣ ለመስረቅ ነበር፤ ነገር ግን ውሎ አድሮ ስርቆቱን ይረሳና የሚቀመጡበትን ሰዎች ክብደትና ሙቀት መውደድ ይጀምራል። ሆቴሉ ዕቃውን በሐራጅ ሲሸጥ ወንበሩን የሚገዛው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነው። ባለቤቱ ደራሲ ናት፤ ታሪኩን የምታውቀው በወንበሩ ላይ ተቀምጣ ከምታነበው ረዥም ደብዳቤ ነው። ወዲያው ሁለተኛ ደብዳቤ ይመጣና የፊተኛው ልብ ወለድ ድርሰት መሆኑን ይነግራታል። እርስዋ ትመን አትመን አንባቢው አያውቅም፤ እኛም ካነበብን በኋላ ከመቀመጣችን በፊት ወንበራችንን በእጃችን ጫን ማድረጋችንን አንደብቅም።

በልጅነታችን በሰማናቸው ተረቶች የሚያስፈራው ነገር ውጭ ነበር፤ ጅቡ ከገደሉ፤ ሽፍታው ከጫካው። በሩ ከተቀረቀረ እፎይ ይባላል። ራንፖ ግን በሩ ከተዘጋ በኋላ ከእኛ ጋር የቀረው ማን እንደ ሆነ ይጠይቃል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ወደ ጃፓን ሄደው ሲመለሱ ለጻፉት መጽሐፍ “ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን” የሚል ስም ሰጡት። ያች የብርሃን ማደሪያ ጨለማ ጓዳም ነበራት፤ ራንፖ በዚያው ዘመን የሚጽፈው ስለ ጓዳዋ ነበር።

በ1929 የጻፈው “አባ ጨጓሬ” የባሰ ጠባብ ስፍራ አለው። ይኸውም የሰው ገላ ነው። አንድ ወታደር እጅና እግሩን፤ መስሚያውንና መናገሪያውን በጦርነት አጥቶ በሜዳይ ተሸልሞ ለሚስቱ ይመለስላታል። ጃፓን ከቻይና ጋር ስትዋጋ በ1939 ሳንሱር ድርሰቱን ከለከለው። ሌሎቹም መጻሕፍቱ ቀስ በቀስ ከገበያ ጠፉ፤ በየቤቱ ልጆች በስሙ የሚያውቁት ደራሲ ዝም አለ። በዚያ ዝምታ ጊዜ፤ በ1941፤ የሕይወቱን ወረቀቶች ሰብስቦ በትልቅ ደብተር ሲለጥፍ የኖረባቸውን ቤቶች ፕላን በገዛ እጁ ሣለ። እስከዚያ ድረስ 46 ጊዜ ቤት ቀይሮ ነበር።

የመጨረሻው ቤቱ በ1934 የገባበት፤ በቶኪዮ ኢኬቡኩሮ ከሪክዮ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ያለው ነው። በግቢው ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ያለው ባለ ደርብ ዕቃ ቤት ስለ ነበር መጻሕፍቱን በዚያ አኖረ፤ ሰውም በጨለማ በሻማ ብርሃን እንደሚጽፍ አወራበት። በ1945 ቦምብ አካባቢውን ሲያቃጥል ዕቃ ቤቱ ተረፈ።

ከጦርነቱ በኋላ ለሌሎች በሩን ከፈተ። በ1947 የመርማሪ ድርሰት ጸሐፊዎችን ማኅበር አቋቋመ፤ 60 ዓመት ሲሞላውም ለሽልማት የሚሆን ገንዘብ ሰጠ። በ1956 በእንግሊዝኛ የወጣው መጽሐፉ የተተረጎመው እንዲህ ነው፦ ተርጓሚው ጃፓንኛ ይሰማል እንጂ አያነብም፤ ራንፖ እንግሊዝኛ ያነባል እንጂ አይናገርም፤ ስለዚህ ሁለቱ ተቀምጠው ዓረፍተ ነገሩን አንድ በአንድ እያነሡ እየጣሉ ጨረሱት።

ራንፖ ሐምሌ 28 ቀን 1965 በዚያው ቤት ሞተ። በ2002 ቤቱና ዕቃ ቤቱ ወደ ሪክዮ ዩኒቨርሲቲ እጅ ገቡ። ሊጎበኝ የመጣ ሰው ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ በመስተዋት ውስጥ ወደ መጻሕፍቱ ይመለከታል።