ጌሪ ኪልዶል፦ በአሴምብሊና በከፍተኛ ደረጃ ቋንቋ መካከል

ለአነስተኛ ማይክሮኮንትሮለር የሚሠራ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ይጻፍ ወይስ በአሴምብሊ የሚለው ጥያቄ ከሲ መስፋፋት በፊት የተነሣ ነው። ጥያቄውን በማይክሮፕሮሰሰር ዘመን መባቻ በተግባር ከተጋፈጡት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ጌሪ ኪልዶል ናቸው።

ኪልዶል እ.ኤ.አ. በ1942 በሲያትል ከተማ ተወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1972 ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ፤ በካሊፎርኒያ በሞንቴሬይ በሚገኘው የባሕር ኃይል የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤትም አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1973 ያቀረቡት ጥናት አንድ ኮምፓይለር በመላው ፕሮግራም ውስጥ የእሴቶችን ፍሰት ተከትሎ የተደጋገመ ስሌትን የሚያስወግድበትን አንድ ወጥ ዘዴ አስቀመጠ። ዘዴው እስከ ዛሬ የኮምፓይለር ጥናት መሠረት ነው።

በዚያው ዘመን ኪልዶል የኢንቴል ኩባንያ አማካሪ ነበሩ። 8008 የተባለው ማይክሮፕሮሰሰር ሊደርስበት የሚችለው ማኅደረ ትውስታ ከ16 ኪሎባይት አይበልጥም ነበር። እርሳቸው ግን ፒኤል/ኤም የተባለውን ከፍተኛ ደረጃ ቋንቋ አዘጋጁለት። ኮምፓይለሩ በፎርትራን ተጽፎ በትልቅ ኮምፒውተር ላይ ይሠራ ስለነበር፣ የትንሹን ማሽን ቦታ የሚይዘው የመጨረሻው ኮድ ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1974 ሲፒ/ኤም የተባለውን ሥርዓተ ክወና በአብዛኛው በዚሁ ቋንቋ ጻፉ፤ ከባለቤታቸው ከዶሮቲ ጋርም ዲጂታል ሪሰርች የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ። ኋላም ከመሣሪያው ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ክፍል ባዮስ ተብሎ ተለየ። በመሆኑም ሥርዓቱን ወደ ሌላ ማሽን ለማዛወር ይህን ክፍል ብቻ መለወጥ በቂ ሆነ።

በሁለተኛው የሲፒ/ኤም እትም ፋይልና ዲስክ የሚያስተዳድረው እምብርት በአሴምብሊ የተጻፈ ሲሆን፣ መጠኑ 3.5 ኪሎባይት ነበር። ፋይል የሚገለብጠውና ጽሑፍ የሚያርመው ፕሮግራም ግን በፒኤል/ኤም እንደተጻፉ ቀሩ። የክፍፍሉ ጥቅም ግልጽ ነው። እምብርቱ ሌላ ፕሮግራም በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ስለሚቆይ፣ በእርሱ ላይ የሚቆጠበው እያንዳንዱ ባይት ለተጠቃሚው ይተርፋል። አጋዥ ፕሮግራሞቹ ግን ሥራቸውን ሲጨርሱ ቦታውን ይለቃሉ።

አይቢኤም ለግል ኮምፒውተሩ በዋናነት የማይክሮሶፍትን ሥርዓት ከያዘ በኋላ የሲፒ/ኤም ገበያ ተዳከመ፤ ዲጂታል ሪሰርችም እ.ኤ.አ. በ1991 ለኖቬል ተሸጠ። ኪልዶል እ.ኤ.አ. በጁላይ 1994 በ52 ዓመታቸው ዐረፉ።

ስማቸው ብዙ ጊዜ የሚነሣው ካመለጣቸው ገበያ ጋር ነው። ለተመራማሪ ግን የሚበልጠው ቅርስ ሌላ ነው። የቋንቋ ምርጫ ለመላው ፕሮግራም በአንድ ጊዜ የሚወሰን ሳይሆን በየክፍሉ የሚመዘን መሆኑን ሥራቸው ያሳያል። ዛሬ 32 ኪሎባይት የፕሮግራም ቦታና 2 ኪሎባይት ራም ላለው ኤቲሜጋ328ፒ አብዛኛውን ኮድ በሲ መጻፍ የሚቻለው፣ ኮምፓይለሮች ትርፍ ትእዛዞችን ማስወገድ ስለቻሉ ጭምር ነው፤ ለዚህም የኪልዶል የ1973 ጥናት ትልቅ ድርሻ አለው። አሴምብሊ የሚቀርለት ጊዜውና መጠኑ በጥብቅ የተወሰነው ጥቂት ክፍል ነው።